ጋቢናው የማን ነው?

ሙሄዲን መኪናዋን ከአዲስ አበባ ነድቶ ደሴ የገባ ዕለት፣ ሸሪፋ ደጃፏ ላይ ቆማ እልልታዋን ስታቀልጠው ሻሿ ከራሷ ተንሸራቶ መሬት ወድቋል፤ እሷ ግን አላወቀችም። እንዴትስ ታውቅ! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰኞ ገበያ ላይ የስፌት መኪና ፔዳል ሲረግጥ የኖረው የባሏ እግር፣ ያን ቀን የቤንዚን ፔዳል ረግጦ መጣ። ልጆቿ ከሪማና ጀላል መኪናዋን እየዞሩ መስተዋቱ ላይ አፍንጫቸውን ይለጥፋሉ። የጎረቤት ዶሮ ሁሉ ከጎማው ሥር ተሰብስቧል።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት። ያለው ሰው ሀብቱን ደብቆ ድህነቱን የሚያወራበት ጊዜ ነው። ወርቅ አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ መኪና ግን የት ይቀበራል? ደግነቱ ይቺ መኪና የምታስቀና እንጂ የምታስወርስ አልነበረችም። አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጣት፣ ዐሥር ዓመት ያገለገለች፣ የወተት ቀለም ያላት ባለ አራት በር የቤት መኪና ናት። ለሸሪፋ ግን ከቤተ መንግሥት መኪና አታንስም።

ሸሪፋ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጋቢና ልትቀመጥ፣ መስኮቱን ዝቅ ልታደርግ፣ ልጆቹን ከኋላ ልታስቀምጥና በሐረጎ ቁልቁል ወርዳ፣ ኮምቦልቻን አልፋ፣ ሐርቡ እናቷ ደጃፍ ላይ ልትቆም። ይኸው ነው። ከተዳረችበት ቀን አንስቶ ወደ ሐርቡ የተመላለሰችው በአውቶቡስ የኋላ ወንበር ሎሚ እያሸተተች ነበር። ከደሴ ሐርቡ ያለውን መንገድ መቶ ጊዜ ሄዳበት፣ መንገዱን ግን አይታው አታውቅም። ያየችው ሁሉ የሰው ማጅራት ነው።

እንግዲህ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ሼህ የሱፍ መጡ። ስድሳውን የተሻገሩ፣ ነጭ ጥምጥማቸው ከሩቅ የሚለይ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የሞተ የሚያስቀብሩ ሰው ናቸው። እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ዱአ አደረጉ። «ያ ረቢ፣ ከክፉ ዓይን ሰውራት፣ ከገደል ጠብቃት፣ ለሰው የምትጠቅም አድርጋት!» አሉ። ሰፈሩ በሙሉ «አሚን!» አለ። ሸሪፋም ከሁሉ አስበልጣ «አሚን» አለች፤ የኋላ ኋላ ያቺን የመጨረሻዋን ምርቃት ብትዘላት ይሻላት እንደነበር ገባት።

ዱአው እንዳበቃ ሙሄዲን «በሉ አንድ ዙር እናዙራት» ሲል፣ ሸሪፋ እጇን የጋቢናው በር ላይ ጣል አደረገች። ሼህ የሱፍም በዚያው በር በኩል መጡ። ወሎ ነው እንግዲህ! ትልቅ ሰው ቆሞ ታናሽ አይቀመጥም፤ ቤት ውስጥ ክብር መደቡ ላይ እንደሆነ ሁሉ መኪና ውስጥ ክብር ጋቢና ነው። ማንም ምንም አላላትም። እጇ ራሱ በሩን ከፈተና «ግቡ ሼህዬ» አለ። እሷ ከሁለት ልጆችና ከጎረቤቷ ከእትዬ ያለምወርቅ ጋር ከኋላ ገባች። በፒያሳ ሲዞሩ ከሪማ ክላክሱን በሰማች ቁጥር ትጮኻለች፣ ጀላል ለሚያየው ሁሉ እጁን ያወዛውዛል፣ እትዬ ያለምወርቅ «እሰይ! እሰይ!» ይላሉ። ሸሪፋም ሳቀች። አንድ ቀን ነው ብላ ነዋ።

አንድ ቀን አልነበረም። እሁድ የግል መኪና መንቀሳቀስ ክልክል ስለሆነ፣ ቤንዚንም በኩፖን ስለሚታደል፣ ቤተሰቡ የሚዝናናው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቅዳሜ ብቻ ነው። ያቺን ቅዳሜ ደግሞ ሰፈሩ ከነሱ ቀድሞ ያውቃታል። አንዱ ኮምቦልቻ ለቅሶ አለበት፣ ሌላው ወገቡን አሞታል። ሸሪፋ ማልዳ ተነስታ ልጆቿን አጥባ፣ ሙዝና ዳቦ ቋጥራ ስትወጣ፣ ሼህ የሱፍ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ጋቢና ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። «ሸሪፋ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ! ግቢ ግቢ፣ አትፈሪ፣ ቦታ አለ» ይሏታል፣ በገዛ መኪናዋ።

የመጀመሪያው የሐረጎ ጉዞ ታዲያ የሚረሳ አልነበረም። ሙሄዲን የቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን አጠፋው። ያን ጊዜ የማያጠፋ ባለመኪና አልነበረም። መኪናዋ ዝም አለች።  የሚሰማው ነፋሱና ጎማው ብቻ ነው። ጀላል «እየበረርን ነው!» ብሎ ሲጮህ ሼህ የሱፍ «ኢንሻአላህ እናርፋለን» አሉ፣ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ሸሪፋ ግን ከኋላ ሆና አንገቷን ወዲህ ብታሰግግ ጥምጥም፣ ወዲያ ብታሰግግ የባሏ ማጅራት። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሎሚዋን ከጡቷ ሥር አወጣች።

ወራት እንዲህ አለፉ። መኪናዋ ሙሽራ አመጣች፣ በሽተኛ ወሰደች፣ አንዴማ ሁለት በግ አሳፍራለች። ከበጎቹ እንኳ አንደኛው መስኮት ደርሶት ነበር። ሐርቡ ብቻ አልተሄደም፤ ሁልጊዜ የሰው ጉዳይ ኮምቦልቻ ላይ ያበቃል፣ ቤንዚኑም እዚያው ያበቃል። እናቷ መዲና ከሐርቡ በሰው ልከው «መኪና ገዛችሁ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የታለች? ወይስ ወደ ቆላ ስትወርድ ትቀልጣለች?» አሏት።

«እኔ ምን ላድርግ?» አላት ሙሄዲን፣ ብሶቷን አንድ ማታ ብታፈስበት። «ሼህዬን ተነሱ ልበላቸው?»

«አላልኩም።»

«እትዬ ያለምወርቅን ጉልበትዎን ይዘው በእግርዎ ይምጡ ልበል?»

«ወላሂ አላልኩም!» አለች። እውነቷን ነው። ሼህዬን ትወዳቸዋለች። ያናደዳት እሳቸው አይደሉም፤ ያናደዳት እጇ ነው፣ ያ በሩን እየከፈተ «ግቡ» የሚለው።

መላው የተገኘው ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ነው። አንድ ሐሙስ እትዬ ያለምወርቅ ሆስፒታል የተኙ እህታቸውን ሊጠይቁ ፈለጉ፤ ሙሄዲንና ሸሪፋ ወሰዷቸው። ሙሄዲን ስንቁን ይዞላቸው አብሮ ሲገባ፣ ሸሪፋ መኪና ጠባቂ ሆና ሜዳው ዳር ቀረች። ፀሐዩ ከኋላ በኩል ጠበሳት። ጥላው ያለው በነጂው ወገን ነው፤ ተነስታ እዚያ ተቀመጠች። መሪውን ያዝ አደረገችው። ፊት ለፊቷ ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ተራራው፣ በመሀል አንድም ማጅራት የለም።

በዚህ መሀል አንድ ጥምጥማም ሽማግሌ ገበሬ መጡ። ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ። ወደ ደሴ ናችሁ?»

«ወአለይኩሙ ሰላም፣ አባባ። አዎ፣ ትንሽ ቆይተን…»

ሽማግሌው ነገሩን ሳያስጨርሷት ዞረው ጋቢናውን ከፈቱና ገቡ። ኩታቸውን ሰበሰቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ወደፊት እያዩ «በይ እንግዲያ፣ ስትጨርሱ እንሄዳለን» አሉ።

ሸሪፋ አንድ ነገር ብልጭ ብሎላት አፏን ከፍታ ቀርታለች። ትልቅ ሰው መጣ፤ እሷ ግን አልተነሳችም! አላሳፈራትም፣ ነውር አልሆነባትም፣ ሽማግሌውም ቅር አላላቸውም። ወንበራቸውን አገኙ፣ እሷም በወንበሯ አለች። መኪናው ውስጥ ማንም ትልቅ ሰው፣ ሼህ ይሁን ቄስ፣ ተነሺልኝ የማይለው አንድ ወንበር አለ፤ ያም መሪው ያለበት ነው። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ብቻዋን ሳቀች። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩዋትና «አላህ ደስታሽን ያብዛልሽ» አሉ።

ሙሄዲን ከእትዬ ያለምወርቅ ጋር ሲመለስ አልተነሳችለትም። «አስተምረኝ» አለችው።

«ምን?»

«መንዳት።»

ሙሄዲን እትዬ ያለምወርቅን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ሰማዩን አየ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውንማ ከኋላ ተቀምጬ ስሰማ ከረምኩ። አሁን ደግሞ ከፊት ልስማው።»

እትዬ ያለምወርቅ «አስተምራት እንጂ! ሆስፒታሉ ሲርቅ ነው የሚያስፈራው፤ እዚህ ደጃፉ ላይ ምን እንሆናለን?» ብለው ገቡ። ሙሄዲን ተሸነፈ። ያን ቀን መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለች፣ ሦስት ጊዜ ጠፋች፣ ሽማግሌው ከዘራቸውን ጨብጠው «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ሲሉ ቆዩ። በአራተኛው ሸሪፋ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀችውና መኪናዋ ወደፊት ሄደች። ሄደች! ሜዳው ራሱ ወደ እሷ የሚመጣ መሰላት። እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባት።

ከዚያ በኋላ ኩፖኑ በተረፈ ቁጥር ቦሩ ሜዳ ሆነ። ሙሄዲን መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ታገሠ፣ በመጨረሻ ኮራ። የፈተናው ቀን ፈታኙ አቶ ደጉ በሁለት በርሜሎች መሀል ወደኋላ እንድትገባ አዘዟት፤ በርሜል ሳትነካ ገባች። አቶ ደጉ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ «ቁልቁለት ላይ ሞተር ይጠፋል?» ብለው ጠየቋት።

«ባለቤቴ ያጠፋል» አለች፤ «ግን መጥፋት የለበትም።»

አቶ ደጉ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። መንጃ ፈቃዱን ስትቀበል ፎቶዋን ደጋግማ አየችው። ፎቶው እንኳ ወደፊት ነበር የሚያየው።

አሁን የቀረው ሐርቡ ነው። ሙሄዲን የአንድ ወር ኩፖን አጠራቀመ፣ የይለፍ ወረቀቱንም ከቀበሌ አወጣ። አንድ ቃል ግን አስገባት። «ስሚኝ ሸሪፋ። ሼህዬ መሄዳችንን ሰምተዋል። የተወለዱት ሐርቡ ነው፣ የአባታቸውን መቃብር መዘየር ይፈልጋሉ። በሴት አልነዳም ካሉ መሪውን ትሰጪኛለሽ። በሳቸው ላይ ነገር አናመጣም። እሳቸው እንቢ ያሉትን ሰፈሩም እሺ አይልም፤ ያኔ መንጃ ፈቃድሽን ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው።»

«እሺ» አለች። እሺ ብላም ሌሊቱን ሲነጋ አየችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሸሪፋ መሪው ላይ፣ ሙሄዲን ጀላልን ጭኑ ላይ አድርጎ ከኋላ፣ ከጎኑ ከሪማ፣ ከዚያ እትዬ ያለምወርቅ። ሰፈሩ ለወሬ እንዲመቸው ደጅ ወጥቷል። ሼህ የሱፍ ከዘራቸውን እያንኳኩ መጡና የጋቢናውን በር ያዙ። አዩዋት። ከበሩ እጃቸውን አነሱ።

«ሙሄዲን አሞታል እንዴ?»

«አልሐምዱሊላህ ደህና ነው፣ ሼህዬ። ይኸው ከኋላ።»

ሙሄዲን ከጀላል ትከሻ በላይ ብቅ ብሎ «ሰባሁል ኸይር፣ ሼህዬ» አለ፤ ድምፁ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ታዲያ ማነው የሚነዳን?»

«እኔ ነኝ» አለች ሸሪፋ። 

ሼህ የሱፍ ጢማቸውን ዳበሱ። ደጅ የወጣው ሰው ትንፋሹን ዋጠ። «ተምረሽ ነው ወይስ ደፍረሽ?» አሏት።

«ተምሬም፣ ደፍሬም፣ ሼህዬ።»

 የሼህ የሱፍ ትከሻ ተርገፈገፈ፤ እየሳቁ ነው። «ዕውቀት ከሆነማ ለወንድም ለሴትም የታዘዘ ነው» አሉና ገብተው በሩን ዘጉ። «ድፍረቱንም አላህ ያግዝበት። ቢስሚላህ በይ!»

«ቢስሚላህ!» ብላ ፍሪሲዮኑን ስትለቀው ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። ደሴ ከኋላ ቀረች።

ሐረጎ! ለካ ሐረጎ እንዲህ ነው! ተራራው አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ፣ ከታች የኮምቦልቻ ሜዳ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቶ፣ ቦርከና እንደ ክር እየተጠማዘዘ። መቶ ጊዜ ያለፈችበት መንገድ ዛሬ ገና ተፈጠረ። ሎሚ የሚባል ነገር ትዝም አላላት።

«ሞተሩን አታጠፊውም እንዴ?» አሉ ሼህ የሱፍ አፋፉ ላይ።

«ማርሽ ገብቶ ይሻላል። ቤንዚኑ ከሚተርፍ እኛ እንትረፍ፣ ሼህዬ።»

«ትክክል!» አሉ እትዬ ያለምወርቅ ከኋላ። «እኔ እኮ እስካሁን በየኩርባው ንስሐ ስገባ ነው የኖርኩት!»

ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ጠብመንጃ ያነገተ ወታደር ወረቀቶቹን ተቀብሎ «ሹፌሩ ይውረድ!» አለ። ሙሄዲን ልማድ ሆኖበት ከኋላ ሊወርድ ተነሳ። «ሹፌሩ እኔ ነኝ» አለች ሸሪፋ። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ መንጃ ፈቃዱን ከፊቷ ጋር አስተያየና ቀጥ ብሎ ቆመ። «እለፊ፣ ጓድ ሹፌር!» አላት። ከሪማና ጀላል «ጓድ ሹፌር! ጓድ ሹፌር!» እያሉ ሐርቡ ድረስ ዘመሩ።

ሐርቡ የገቡት ሙቀቱ ሲበረታ ነው። ሸሪፋ እናቷ ደጃፍ አቁማ ክላክሱን ሦስት ጊዜ ነፋችው። መዲና ከዘመን ብዛት ጎበጥ ቢሉም እግራቸው ፈጣን ነው፤ ብቅ አሉና የወተት ቀለሟን መኪና ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ። «ማሻአላህ! ማሻአላህ! አልቀለጠችም!»

ሴት የሚቀመጥበትን ያውቃሉና በቀጥታ ወደ ኋላው በር ሄዱ። ቢከፍቱት ሙሄዲን ጀላልን ታቅፎ ላቡን ይጠርጋል። መዲና አማቻቸውን አዩ፣ ልጆቹን አዩ፣ እትዬ ያለምወርቅን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄስ? ሸሪፋን የት ጣላችኋት?»

«እሷማ እየነዳች ነው ያመጣችን፣ እማ» አለ ሙሄዲን።

መዲና ቀና አሉ። በመኪናዋ ዙሪያ ቀስ ብለው ዞሩ፤ አንድ እጃቸው ቆርቆሮውን እየዳበሰ ነው። የሸሪፋ መስኮት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የልጃቸውን ፊት አዩ፣ መሪውን አዩ፣ መሪው ላይ ያሉትን እጆች አዩ። ሸሪፋ፣ አርባ ዓመት ሊሞላት ስድስት ሰባት ዓመት የቀራት ሴት፣ የእናቷን ፊት እንደ ትንሽ ልጅ ትጠብቃለች።

 የመዲና ዓይን ግን እሷን አልፎ ጋቢናው ላይ አረፈ።

«አንተ የሱፍ!» አሉ።

እትዬ ያለምወርቅ አማተቡ። ሼህ የሱፍን በደሴ ምድር አንተ ያለ ሰው ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። ሼህ የሱፍ ግን ከዘራቸውን ጥለው ተንደርድረው ወረዱ።

«አቤት! መዲና? አንቺ ነሽ? በሕይወት አለሽ? ሸሪፋ ያንቺ ልጅ ናት?»

«እናትህ ውኃ ስትወርድ በጀርባዬ አዝዬህ የዞርኩት መንደር ነው ይሄ። ሼህ ብትሆን ለደሴ ነው» አሉ መዲና። «ታላቅህ ቆማ አንተ ጋቢና?»

«አስተግፊሩላህ! ግቢ፣ እቴ፣ ግቢ!» አሉ ሼህ የሱፍ፤ በሩን በገዛ እጃቸው ይዘው። ሳቃቸው ጢማቸውን ያራግበዋል። ከዚያ ዞረው ሄደው ከእትዬ ያለምወርቅና ከከሪማ መሀል ተጨናንቀው ገቡ። ሙሄዲን ጀላልን እንደታቀፈ ወደ መስኮቱ ተለጠፈ።

መዲና ጋቢና ተቀመጡ። በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው በጭነት መኪና ላይ ከእህል ጆንያ ጋር፣ በአውቶቡስም ከሁሉ ኋላ ሄደው ያውቃሉ፤ በዚህ በኩል ተቀምጠው ግን አያውቁም። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በመስተዋቱ ወደፊት አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«በይ ንጂ» አሉ።

«ወዴት፣ እማ?»

«እኔ ምን አውቄ። በገበያው በኩል፣ በመስጊዱ በኩል፣ ሰው ባለበት በኩል።»

ሸሪፋ ማርሽ አስገብታ ተነሳች። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያያል፣ ልጆች ከኋላ ይሮጣሉ። ደስታው እግሯ ውስጥ ገብቶ ነዳጁን ረገጥ አደረገችው። መዲና ያን ጊዜ እጃቸውን ዘርግተው ክንዷን ያዙ።

«ምን አስቸኮለሽ ልጄ?» አሉ። «ቀስ በይ። ልጄ ስትነዳኝ ይዩኝ።»

ሸሪፋ ዓይኗን በትከሻዋ ጠረገችና ማርሹን ወደ አንድ መለሰችው።